ዘንዶ የሌለባቸው ጨዋታዎች

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ታነቡታላችሁ ብዬ ነው።

ምክንያቱ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እየተሰበሰቡ "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የሚባለውን የፈረንጅ ጨዋታ እንደሚጫወቱ ነገረኝና "ቲቸር፣ ጨዋታው ይጥማል፤ ግን ዘንዶ መግደልና ወርቅ መልቀም ሰለቸን። ሌላ ዓይነት የለም እንዴ? ደሞስ ይሄ ነገር ታሪክ አለው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ታሪክማ አለው። ሌላ ዓይነትም ሞልቷል። ለሱ ብቻ በሁለት መስመር መልሼ ዝም ከምል ሌሎቻችሁም ትጠቀሙበት እንደሆነ ብዬ እዚሁ ልጽፈው ወሰንኩ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ዘንዶው ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ዳኛና ተሟጋች ነው። ዳኛና ተሟጋች ደግሞ ለእኛ ለጎጃም ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። "የሚና ጨዋታ" ልንለው እንችላለን። ሦስት አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሌላ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ሽፍታ። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ሆኖ ሁኔታውን ይናገራል። "ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ከኋላችሁ ሰው እየመጣ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ተጫዋቾቹ በያዙት ሰው አንደበት ይመልሳሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስልክ የለም፣ ስክሪን የለም፤ መብራት ቢጠፋም በኩራዝ ይሠራል።

ልጆች ሳለን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት አባትና እናት ሆነን፣ በጭቃ እንጀራ ጋግረን እንግዳ እንቀበል አልነበር? እሱው ነው። ልዩነቱ አዋቂ መጫወቱና ደንብ መኖሩ ነው።

2. ከጦር ካርታ ወደ ከንቲባው

(ከዚህ በታች የፈረንጆቹን ታሪክ በነሱ አቆጣጠር፣ የኛን በኛው ዓ.ም. ነው የምጽፈው።)

እ.ኤ.አ. በ1824 ጌዮርግ ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ መኮንን አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ደንቡን አሳተመ። ጨዋታው ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ነበር። ሁለት ወገን በካርታ ላይ ይዋጋል፤ በመካከላቸው ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ትእዛዙን ለዳኛው ይሰጣል። ዳኛው ዳይሱን ጥሎ፣ ከራሱ ልምድም ጋር አመዛዝኖ የሆነውን ይናገራል። የጠላት ጦር የት እንዳለ ተጫዋቹ የሚያውቀው ዳኛው የነገረውን ያህል ብቻ ነው። ልክ እንደ እውነተኛው ጦርነት ማለት ነው።

መቶ አርባ አምስት ዓመት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር የጦርነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን አዲስ ነገር ሞከረ። በናፖሊዮን ዘመን የነበረች "ብራውንስታይን" የምትባል የፈጠራ ከተማ ሠራ። ተጫዋቾቹን ሁሉ ጄኔራል ማድረጉን ተወና አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ባለቤት፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረጋቸው። ለእያንዳንዱም የየራሱን ዓላማ ሰጠው። ተጫዋቾቹ ታዲያ ጦሩን ረስተው ጥግ ጥግ ይዘው መመካከር፣ መዶለት፣ መደራደር ጀመሩ። ጨዋታው ከእጁ ወጣ። ዌስሊ "ተበላሸብኝ" ብሎ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን እንድገመው አሉት።

ከነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው። እሱ ሐሳቡን ወስዶ ቤተ መንግሥትና ጭራቅ ወዳለበት ዓለም አስገባው። ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆነውም እ.ኤ.አ. በ1974 "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ"ን አሳተሙ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ይሄ ነው።

ልብ በሉ እንግዲህ፦ ከንቲባው ዘንዶውን በአምስት ዓመት ይቀድመዋል! መጀመሪያ ሰዎቹን የማረካቸው "እኔ ከንቲባ ብሆን ምን እላለሁ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ዘንዶው ያሸነፈው ለመቁጠር ስለሚመች ይመስለኛል። የገደልከውን ጭራቅና የሰበሰብከውን ወርቅ መቁጠር ቀላል ነው፤ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ የሚያድገውም በዚሁ ነበር። ሰው ማሳመንን ግን በምን ትቆጥረዋለህ?

3. በላ ልበልሃ

አያቶቻችን መቁጠሪያ ነበራቸው። ከዘመናዊው ሕግ በፊት ሙግት እንዴት ይካሄድ እንደነበር ከትልልቆች ሰምታችሁ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው በቁራኛ ይሄዳሉ። ዳኛ ፍለጋ የግድ ሩቅ አይኬድም፤ በመንገድ የሚያልፍ የተከበረ ሰው በሕግ አምላክ ተብሎ ከተያዘ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገሩን ያያል። ተሟጋቹ ልብሱን እንደ ሥርዓቱ አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ ይቆማል። ነገሩን በግጥም፣ በምሳሌ፣ በሰምና ወርቅ ይከፍታል። "በላ ልበልሃ!" ይላል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል። ዋስ ይጠራል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ንግግር ሲያምር ያደንቃል፤ ምላሱ ለተሳሰረበት ይስቅበታል።

በትልልቁ ችሎት ደግሞ አንድ የምወደው ሥርዓት ነበር። አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ንጉሡ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሱን ቃል ይደግማል እንጂ የልቡን አያወጣማ!

ሙግቱ ራሱ ጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚነቀልበት፣ ደም የሚካስበት ነገር ነበር። ነገር ግን እረኞች ጨዋታ አድርገውት ነበር። እኛም አማኑኤል ዙሪያ ከብት ስንጠብቅ ተጫውተነዋል። ከመካከላችን አንዱ ዳኛ ይሆናል። አንዱ "ላምህ ማሳዬን በላችብኝ" ብሎ ይከሳል፤ ሌላው "ማሳህን አላጠርክም" ብሎ ይመልሳል። ላሚቱም ማሳውም ፈጠራ ናቸው። ዳኛው የረታውን ይናገራል፤ የተረታው ከብት ሊመልስ ይሮጣል። እኔ ዳይስ የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ የሚና ጨዋታ ተጫውቻለሁ ማለት ነው።

እንቆቅልሽም እንደዚሁ ነው። መልሱ የጠፋው ልጅ "ሀገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ወይ ደብረ ማርቆስን ይሰጣል። ያሸነፈው ልጅ ለአንድ አፍታ ባለ ሀገር ሆኖ እዚያ ሄጄ ይህን በላሁ፣ ያንን ጠጣሁ፣ እንዲህ ተከበርኩ እያለ ይተርካል፤ የተሸነፈውንም በተረቡ ያደርቀዋል። አስቡት እስቲ፣ የአሸናፊነት ሽልማቱ ታሪክ የመናገር መብት ነው። ወርቅ የለ፣ ነጥብ የለ።

ሰንጠረዥስ? በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጡት እንግሊዛውያን፣ እነ ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደን፣ መኳንንቱ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይተው ጽፈዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን ሰብስቦ አሳትሟል። የኛ ሰንጠረዥ ከዓለም ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ "ወረራ" የሚባል ጊዜ አለው፤ ተራ መጠበቅ የለም፣ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ደግሞ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን አሸነፍክ ነው ነገሩ። በጉልበተኞቹ ጠጠሮች መርታት ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ መርታት ግን ያስወድሳል።

የሦስቱም መንፈስ አንድ ነው፤ ከውጤቱ ይልቅ አነጋገሩና አኳኋኑ ይከበራል።

ታዲያ የት ሄደ? የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። ሙግት ከዛፍ ጥላ ወደ ወረቀት ገባ። ይሄ ክፉ ነገር ነው አልልም። በድሮው ሥርዓት አፉ የተፈታለት ሰው አፉ የተያዘውን ደሃ ርስቱን ሊያስለቅቀው ይችል ነበር። ግን አብሮ የጠፋ ነገር አለ። ወጣቱ ቆሞ መናገርን፣ የባላጋራውን ነገር እስከ መጨረሻው ማድመጥን፣ ሲረታ ደግሞ "ተረታሁ" ማለትን በአደባባይ የሚማርበት ቦታ ቀረ። ትምህርት ቤቶቻችን አልተኩትም። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለቆምኩ ይህን አውቃለሁ።

4. ምን እንጫወት?

እንግዲህ ከዘንዶው ውጪ ላሉት ጨዋታዎች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንኳ ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው "ትራቨለር" በጠፈር መርከብ ስለሚዞሩ፣ የመርከቧን ዕዳ ለመክፈል ስለሚነግዱ ሰዎች ነው። በ1981 የወጣው "ኮል ኦቭ ክቱሉ" ደግሞ ተጫዋቹን ጋዜጠኛ፣ ፕሮፌሰር ወይ መርማሪ ያደርገዋል፤ ጭራቅ ቢኖርበትም በጎራዴ የሚገደል አይደለም፤ ብልህ ሰው ሲያየው ይሸሻል። እነዚህ ጥሩዎች ናቸው። እኔ ግን ለእናንተ የምመክራችሁ አራት ሌሎች ናቸው። አራቱም ቋሚ አጫዋች አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉም እኩል ነው።

አንደኛው "ዘ ኳየት ይር" ነው፤ "ጸጥተኛው ዓመት" እንበለው። አቬሪ አልደር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው ነው። አንድ ማኅበረሰብ ከረጅም ጦርነት ወጥቶ አንድ ዓመት ሰላም አግኝቷል። በዚያ ዓመት መንደሩን መልሶ ያቋቁማል። የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስና የመጫወቻ ካርታ ነው። ካርታው 52 ነው፤ ዓመቱም 52 ሳምንት። አራቱ የካርታ ዓይነቶች አራቱ ወቅቶች ናቸው። በየሳምንቱ አንድ ካርታ ይነሣል፤ የመጣው ነገር ወረቀቱ ላይ ይሣላል፦ ምንጭ ተገኘ፣ ጎተራ ተቃጠለ፣ እንግዳ መጣ። ባለ ተራው አዲስ ነገር ያገኛል፣ ወይ ሥራ ያስጀምራል፣ ወይ ጉባኤ ይጠራል።

ጉባኤው ደስ ይላል። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ወይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገራል። ከዚያ ያበቃል። ውሳኔ የለም! የስንቱን ቀበሌ ስብሰባ አስታወሰኝ መሰላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጠጠሩ ነው። ያልተማከርክበት ነገር ሲሠራ፣ የተናቅክ ሲመስልህ፣ ከመሐል አንድ ጠጠር አንሥተህ ፊትህ ታስቀምጣለህ። መናገር አያስፈልግህም። የቂም ጠጠር ልንለው እንችላለን። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ የማን ፊት ስንት ጠጠር እንደተከመረ ሁሉም ያየዋል። በኛ ሀገር ቂም ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እዚህ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቆጠራል። በመጨረሻም ከክረምቱ ካርታዎች መካከል ንጉሡ ሲወጣ "የውርጭ እረኞች" የሚባሉት ይመጡና ጨዋታው ያበቃል። እነማን እንደሆኑ ደንቡ አይናገርም። እኔ ወቅቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የማደርጋቸው፦ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት። መስከረም ጀምሮ ክረምት ላይ ሲያልቅ ልክ ይመጣል። የጮቄን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ውርጭ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው "ማይክሮስኮፕ" ነው፤ ቤን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው። ይሄ በተለይ ለታሪክ ሰው ነው። ተጫዋቾቹ የአንድን ዘመን መጀመሪያና መጨረሻ አስቀድመው ይወስናሉ። ለምሳሌ "መንግሥቱ ተመሠረተ" እና "መንግሥቱ ወደቀ"። ከዚያ በመካከል ያለውን እንደፈለጉት እየዘለሉ ይሞላሉ፤ ዘመን፣ በዘመኑ ውስጥ ክስተት፣ በክስተቱ ውስጥ ትዕይንት። ፍጻሜው ስለሚታወቅ "ማን ያሸንፋል?" የሚባል ነገር የለም፤ ጥያቄው ሁሉ "ለምን እዚያ ደረሰ?" ነው። ለፈተና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሸምድዶ የሚመጣ ተማሪ ይህን ሁለት ጊዜ ቢጫወት ታሪክ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ሦስተኛው "ዳያሌክት" ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዓለም የተነጠለ ማኅበረሰብ የራሱን ቃላት ይፈጥራል። ተጫዋቾቹ ቃሉን ያወጣሉ፣ በንግግር ይጠቀሙበታል። ከዚያ ዓለም ይደርስባቸዋል፤ ቋንቋውም ከማኅበረሰቡ ጋር ይሞታል። ይሄን ስጫወት ጋፋትኛ ነው የታወሰኝ። ጋፋቶች በዓባይ ዙሪያ፣ እዚሁ ጎጃምና ዳሞት ይኖሩ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወስዷል። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቋንቋውን ሊያጠና ሲመጣ ግን ስንት ለፍቶ ያገኘው በጣት የሚቆጠሩ ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ዛሬ ማንም አይናገረውም። በክፍል ውስጥ "አንድ ቋንቋ ጠፋ" ብዬ ሳስተምር ተማሪ ይጽፋል፤ አይሰማውም። ራሱ ያወጣው ቃል ሲሞት ግን ይሰማዋል።

አራተኛው ለሣቅ ነው። "ፊያስኮ" ይባላል፤ ጄሰን ሞርኒንግስታር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው። ምኞታቸው ትልቅ፣ ዕቅዳቸው ግን እንጭጭ የሆነ ተራ ሰዎች ነገር ያበላሻሉ። በሁለት ሰዓት ያልቃል። ደንቡ የሚያስገድደው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ከተቀመጠው ጋር ዝምድና ይኖረዋል፤ አማችነት፣ ዕዳ፣ ምሥጢር። አማኑኤል ገበያ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። የበሬ ደላላ፣ የጠላ ቤት ባለቤት፣ የሹፌር ረዳትና ከአዲስ አበባ የመጣ "ኢንቨስተር"። በሣቅ ካልሞታችሁ ከኔ ራስ!

5. የ1960ው ጨዋታ

የፈረንጁን መጽሐፍ ማግኘት ካልቻላችሁ የራሳችሁን መሥራት ትችላላችሁ። ኒው ዮርክ በሚገኘው ባርናርድ ኮሌጅ ማርክ ካርንስ የሚባሉ የታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትምህርቱን በሚና ጨዋታ ማስተማር ጀምረዋል። ተማሪው የጥንቱ የአቴና ጉባኤተኛ ይሆንና ይሟገታል። እኔም ሐሳቡን ሳነብ "አቴና ድረስ ምን አስኬደኝ?" ብዬ የኛን የ1960 ዓ.ም. ነገር ይዤ ለተማሪዎቼ ሞከርኩት።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ጎጃም ውስጥ ገበሬው ገማች መጥቶ ማሳውን ሊያይ ነው ሲባል "ይሄ የቃላድ መጀመሪያ ነው፤ ርስታችን ሊሄድ ነው" ብሎ ተነሣ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተቀጣጠሉ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተወዘፈውን ማሩ።

በመጽሐፍ ይህ ሦስት አንቀጽ ነው። በጨዋታ ግን ስድስት ሰው ነው፦ ባለ ርስት ገበሬ፣ መሬት የሌለው ጭሰኛ፣ የአጥቢያው ቄስ፣ ግብር ገማች፣ የገዥው ጸሐፊና ከአዲስ አበባ የመጣ የፓርላማ አባል። ለእያንዳንዱ የሚፈልገውንና የሚፈራውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። አንድ ብቻ ደንብ አወጣሁ፦ ማንም ከመመለሱ በፊት ባላጋራው የተናገረውን፣ ባላጋራው "አዎ፣ ያልኩት ይሄን ነው" እስኪል ድረስ መድገም አለበት።

መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ ገማቹ ላይ ጮኸበት። ገማች የሆነው ልጅ ዝምተኛ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን የሰማሁት ለአቴንዳንስ ብቻ ነው። ብድግ አለና "እኔ የደሃ ልጅ ነኝ። አስተምረው የላኩኝ እናንተን እንድመዘግብ ነው። ካልመዘገብኩ ደመወዜ ይቀራል፤ ከመዘገብኩ እናንተ ትገድሉኛላችሁ። የቱን ልሁን?" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ባለ ርስቱ ገበሬ የሆነችው ልጅ በደንቡ መሠረት የሱን ነገር መድገም ነበረባት። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው "አዎ" አላት።

ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ለርስቷ እስከ መጨረሻው ነው የተሟገተችው። መቀየርም አልነበረባትም። ግን ገማቹ ለሷ ሰው ሆነ። እኔ በዓመት ሙሉ ሌክቸር ያልሠራሁትን አንድ ክፍለ ጊዜ ሠራው።

6. ለምን አሁን?

ይህን የምጽፈው ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ያለንበትን ታውቃላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ግን ማደጋቸውን አላቆሙም። የሚሰሙት ወሬ ሁሉ አንድ ወገን ብቻ ያለው ነው፤ ከየትኛውም በኩል ይምጣ። የሌላውን ነገር እስኪያልቅ ሰምቶ መድገም የሚችል ልጅ ካላሳደግን ነገ ችሎት ላይ፣ ሽምግልና ላይ፣ ዕድር ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?

አራት ወንበር፣ ወረቀትና ጠጠር ይህን ሁሉ ይፈታል አልላችሁም። ግን መለማመጃ ይሆናል። በልምምድ ያልያዝነው ነገር በጭንቅ ቀን አይመጣም።

ሁለት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ የዛሬውን ነገር አትጫወቱት። ቁስሉ ትኩስ ነው፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ወንድሙን ቀብሮ ሊሆን ይችላል። ያው ሞርኒንግስታር የ1944ቱን የዋርሶ አመፅ በጨዋታ የሠራው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው፤ "ግሬይ ራንክስ" ይባላል። ስለ ተዋጊ ልጆች ስለሆነ ከባድ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም። የ1960ው ነገር ግን አሁን ርቀት አለው፤ ሲጫወቱት ያስቆጫል እንጂ አያጣላም።

ሁለተኛ፣ የችሎቱን ሥርዓት መልሱት። ጠረጴዛው ላይ ከታናሽ ይጀመር። ታላቅ ወንድም፣ አለቃ፣ ቲቸር መጨረሻ ይናገር። እኔ ራሴ ከልጆች ጋር ስጫወት መጨረሻ ነው የምናገረው፤ ተራዬ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ልናገር ያሰብኩትን አንዱ ከኔ አሳምሮ ተናግሮታል።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ለመጪው ቅዳሜ በ"ጸጥተኛው ዓመት" ጀምሩ። የሱቅ ካርታና አንድ ጭብጥ ጠጠር ይበቃችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በየአካባቢያችሁ እረኞች፣ ልጆች፣ የቆሎ ተማሪዎች ሲጫወቱት ያያችሁት የሙግት ጨዋታ ካለ ደንቡን በኮሜንት ጻፉልኝ። "ዳኛው እንዴት ይመረጥ ነበር? የተረታውስ ምን ይሆን ነበር?" የሚለውን በተለይ። ልሰበስበው እየሞከርኩ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ናቸው።

ቸር ሰንብቱልኝ!